«አብሮ የተወለደ» እና «በዘር የመጣ»፤ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሕመሞች ስያሜ ታሪክ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነን አንድ ቃል ነው። በሐዋሳ ከተማ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለእናቶች የሚነበብ የአንድ ገጽ መግለጫ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተጠይቀን ነበር። መግለጫው የሚናገረው ሕፃናት ሲወለዱ ይዘዋቸው ስለሚመጡ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሕፃናትን ብቻ ስለሚነኩ፣ ለወላጅ ግን ከባድ ሐዘን ስለሚሆኑ ሕመሞች ነው። «ኮንጄኒታል» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ረቂቃችን «በተፈጥሮ የመጣ» ብለን አስቀመጥነው፤ በሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ድግግሞሽን ለማስወገድ ስንል ብቻ «የዘር» የሚል ቃል አገባንበት። ረቂቁ ለጥቂት እናቶች በተነበበ ጊዜ ከመካከላቸው አንዲቱ የምታነበውን ነርስ፣ «ሲስተር፣ ታዲያ ከማን ወገን ነው? ከእኔ ነው ወይስ ከአባቱ?» ስትል ጠየቀቻት። እንግሊዝኛው ስለ ወገን አንዳች አልተናገረም። ጥያቄውን የፈጠረው የእኛ አማርኛ ነበር።

የትርጉም ስሕተትን ብዙውን ጊዜ የሚያርመው ሌላ ተርጓሚ ነው። ይህኛውን ያረመችው ግን ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች እናት ናት። ስለዚህ እነዚህ ስያሜዎች ከየት እንደ መጡ፣ በሌሎች ቋንቋዎች ምን ዓይነት ለውጥ እንዳለፈባቸውና አማርኛችን ከመካከላቸው የትኛውን እንደ ያዘ መመርመር ግድ ሆነብን።

ከቃሉ እንነሣ። «ኮንጄኒታል» መሠረቱ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «አብሮ የተወለደ» ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሕመሙ ሕፃኑ ሲወለድ ነበረ ይላል እንጂ ከየት እንደ መጣ አይገልጽም። «ሄሬዲታሪ» የሚለው ግን «ወራሽ» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ ይህ የሚናገረው ስለ ምንጭ ነው። አንድ ሕመም አብሮ የተወለደ ሆኖ ያልተወረሰ ሊሆን ይችላል። የተወረሰ ሆኖ ሲወለድ የማይታይ፣ ሰውየው ከጎለመሰ በኋላ ብቅ የሚልም አለ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሕፃን ላይ የሚገጣጠሙበት ጊዜ ቢኖርም አንዱ የሌላው ትርጉም አይደለም።

አማርኛ ይህን ልዩነት ለመግለጽ የሚያንሰው ነገር የለም። «አብሮ የተወለደ» የሚለው አነጋገር ከላቲኑ ጋር ሥር ለሥር ይገጥማል። «አብሮት የተወለደ አመል» ሲባል ሰውየው አመሉን ከአያቱ ወረሰ ማለት እንዳልሆነ ሰሚው ሁሉ ይረዳል። «ከማኅፀን ጀምሮ» የሚለውም በቤተ ክርስቲያን ንባብ ሲሠራበት የኖረ ነው። ሆኖም በጤና ጽሑፎችና በዜና አውታሮች በብዛት የምናገኛቸው «የተፈጥሮ»፣ «የአፈጣጠር» እና «የዘር» የሚሉት ናቸው። እኛም ሳናስብ የጻፍነው እነዚህኑ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ በከፊል ከሕክምና ትምህርታችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በአዲስ አበባም የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ተማሪው ቃሉን በእንግሊዝኛ ተምሮ ወደ ሥራ ሲሰማራ በሽተኛውን የሚያነጋግረው በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ነው። ስለዚህ የሕክምና አማርኛ የተሠራው በአልጋ አጠገብ፣ በአፍና በችኮላ ነው። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ የሥራው ወሰን ሰፋ። ለብዙ ዓመታት የተዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታትሞ የወጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። መዝገበ ቃላቱ በደረሰ ጊዜ የክሊኒኩ አማርኛ አንድ ሙሉ ትውልድ ቀድሞት ሄዷል። ይህን የምንለው የትኛውንም ወገን ለመውቀስ አይደለም፤ ነርሷ መዝገበ ቃላቱ እስኪታተም ድረስ ዝም ልትል አትችልም ነበርና።

«ዘር» የሚለው ቃል ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል። ገበሬው የሚዘራው እህል፣ የቤተ ሰብ ሐረግ፣ ነገድና ወገን በዚህ በአንድ ቃል ይጠራሉ። በብዙ የአገራችን ክፍል ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል። ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ስለ ዝምድና ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቤት «የዘር በሽታ» እንዳለም ያጣራሉ። ሥጋ ደዌ በተዋሲ የሚመጣ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 (እ.ኤ.አ.) ካሳየ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ በአገራችን በዘር ይመጣል የሚለው እምነት ስንት ትዳር እንዳስቀረ የሚያውቁ ያውቁታል። እንግዲህ «በዘር የመጣ» የሚለው ሐረግ ከሐኪም አፍ ሲወጣ ሰሚው ዘንድ የሚደርሰው እንደ ሳይንስ ቃል አይደለም። ከሽማግሌዎቹ ጥያቄ ጋር ተዛምዶ ነው የሚደርሰው። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ አማትና ምራት ይተያያሉ፣ እኅት ሳታገባ ትቀራለች።

ቃሉ እውነት በሆነበት ቦታ ይህን ሸክም መሸከም ግድ ነው። እውነት ያልሆነበት ቦታ ግን ብዙ ነው። ሦስት ታሪኮችን ማንሣት ይበቃል። በ1941 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ከወትሮው በላይ ብዙ ሕፃናት የዓይን ሞራ ይዘው ሲወለዱ አየ። ምክንያቱን ሲከታተል እናቶቻቸው በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሩቤላ፣ ማለትም «የጀርመን ኩፍኝ» የሚባለው፣ ይዟቸው እንደ ነበር ደረሰበት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው የሕፃን ዓይን ሞራ በውርስ የሚመጣ ነው ይባል ነበር። ሁለተኛው የታሊዶማይድ ነገር ነው። ይህ መድኃኒት ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በምዕራብ ጀርመን፣ ቀጥሎም በብዙ አገሮች እንቅልፍ ለማምጣት ሲሸጥ ቆየ፤ ለእርጉዞች ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጃቸው ወይም እግራቸው አጥሮ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ ሳይኖራቸው እንደ ተወለዱ ይገመታል። ጉዳቱ አብሯቸው ተወልዷል፤ ከዘራቸው ግን አልመጣም። ሦስተኛው የዳውን ሲንድሮም ነው። ፈረንሳዊው ዤሮም ለዤንና የሥራ ጓደኞቹ በ1959 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት መነሻው አንድ ትርፍ 21ኛ ክሮሞሶም ነው። ከመቶ 95 በሚያህሉት ሕፃናት ላይ ይህ የሚሆነው የወላጅ የዘር ሕዋስ ሲከፈል በሚፈጠር ስሕተት ነው፤ በቤተ ሰቡ ውስጥ ሲወርድ የኖረ ነገር አይደለም። ከወላጅ ሊወረስ የሚችለው በጥቂቶቹ ላይ የሚታየው ሌላው ዓይነት ነው። «በክሮሞሶም የሚመጣ» የሚለውን «በዘር የሚመጣ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ብዙውን ቤተ ሰብ በጥቂቱ ስም ይከሳል።

«የተፈጥሮ» እና «የአፈጣጠር» የሚሉት ማንንም ስለማይከሱ የተሻሉ ይመስላሉ። ነገር ግን ሌላ ጣጣ አላቸው። «ተፈጥሮ» ስንል ፈጣሪ አለበት፤ የፈጠረውም ሊለወጥ አይችልም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዓይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የተነሣው ጥያቄ፣ ይኸውም ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ የሚለው፣ በአገራችን ዛሬም በየቤቱ ይነሣል፤ መልሱ ግን ሁለቱንም እንደማይወቅስ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ «የተፈጥሮ ነው» የተባለውን ነገር ለመከላከል ማን ይነሣል? የጽንሱ ኅብለ ሰረሰርና አንጎል የሚወጡበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ቢወሰድ የዚህን ቱቦ አለመዘጋት በእጅጉ እንደሚቀንስ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አረጋግጧል። በኢትዮጵያም የስንዴ ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ በ2014 ዓ.ም. በአስገዳጅ ደረጃ ተደንግጓል። ሰው አስቀድሞ ሊከላከለው የሚችለውን ጉዳት «የተፈጥሮ» ብሎ መሰየም ከትርጉም ስሕተት ያለፈ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሕመሞቹ መጠሪያ ስሞች እንለፍ። በዚህ በኩል የሌሎች ቋንቋዎች ታሪክ የሚያኮራ አይደለም። አብረው የሚወለዱ የአካል ጉድለቶችን የሚያጠናው ዕውቀት «ቴራቶሎጂ» የተባለው በ1832 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳዊው ኢዚዶር ዦፍርዋ ሴንት-ኢሌር ነው። የግሪክኛው ሥር ተኣምርንም፣ ምልክትንም፣ አስፈሪ ፍጡርንም ያመለክታል። የእኛ «ጉድ» ለዚህ የቀረበ ነው፤ መደነቅና መሸበር በአንድ ቃል ይገናኙበታል። ምሁራኑ ቃሉን በግሪክኛ ልብስ ስለ ሸፈኑት ወላጆች አይሰሙትም ነበር። ተርጓሚ ልብሱን ሲገልጠው ግን ከሥር «የጉድ ጥናት» ይወጣል። እንዲህ ያለው ቃል ሥሩ ሳይነካ በድምፁ ቢገባ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ግን በዳውን ሲንድሮም ስም ታሪክ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 (እ.ኤ.አ.) ሕመሙን ሲገልጽ ሕሙማኑን በሰው ነገዶች መልክ ለመመደብ ሞከረ፤ እነዚህን ሕፃናትም ከሞንጎላውያን ጋር አመሳስሎ ሰየማቸው። በዚህም ስሕተት የአንድ ሕዝብ ስም የሕመም መጠሪያ ሆኖ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሕክምና መጻሕፍት ኖረ። በ1961 (እ.ኤ.አ.) የዘረመል ሊቃውንት ተሰባስበው «ላንሴት» ለተባለው የሕክምና መጽሔት በጻፉት ደብዳቤ ስሙ እንዲቀር ጠየቁ፤ በምትኩም አራት ስሞችን አቀረቡ። መጽሔቱ የዳውንን ስም መረጠ። በ1965 የሞንጎሊያ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ተወካዮች ለዓለም ጤና ድርጅት ቅሬታቸውን ባቀረቡ ጊዜ ድርጅቱም የቀድሞውን ስም ተወ። የቋንቋ ሰዎች ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ክሮሞሶሙ በ1959 ሲታወቅ ነገዳዊው ስም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ተገልጦ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ስሙን የተወው ስሙ የተሰደበበት ሕዝብ ሲናገር ነው።

ሌሎችም ተመሳሳይ አሉ። ሃሪ አንጀልማን የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በ1965 (እ.ኤ.አ.) ስለ ሦስት ሕፃናት ሲጽፍ «የአሻንጉሊት ልጆች» አላቸው፤ ስሙን ያሳሰበው በጣልያን አገር በቬሮና ያየው የአንድ ሣቂ ልጅ ሥዕል ነበር። ወላጆች ልጃቸው አሻንጉሊት ተብሎ ሲጠራ ሊወዱ አይችሉም፤ በ1982 በሐኪሙ ስም እንዲጠራ ሐሳብ ቀረበ፣ ጸናም። ለዤን በ1963 የገለጸው ሌላው ሕመም ደግሞ በፈረንሳይኛ «የድመት ጩኸት» ይባላል፤ የሕፃኑ ልቅሶ ቀጭን ስለሆነ ነው። ይህን ስም ቃል በቃል መመለስ ለተርጓሚ እጅግ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ያሳስበናል። በፈረንሳይኛ የሐኪም ቃል የሆነው በአማርኛ የጎረቤት ሽሙጥ ሊሆን ይችላል። ክሮሞሶሙን ጠቅሶ «የ5ኛው ክሮሞሶም ክፍል መጉደል» ቢባል ይረዝማል እንጂ ማንንም አያቆስልም።

በሰው ስም መሰየም ጉዳት የሌለው መፍትሔ ይመስላል፤ በፊደላችን ግን የራሱ ችግር አለው። የግእዝ ፊደል ታላቅና ታናሽ የለውም። በእንግሊዝኛ ዳውን የሰው ስም መሆኑ ከመጀመሪያው ፊደል ይታወቃል፤ በአማርኛ «ዳውን ሲንድሮም» ሲጻፍ ግን ትንሽ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢ «ዳውን» ማለት «ታች» ነው ብሎ ይረዳል፤ ሕፃኑም ዝቅ ያለ ተብሎ የተመደበ ይመስለዋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ ለሐኪሞች ቀይ ቀለም እናውጣ አንልም። ይሁን እንጂ ቃሉ መጀመሪያ በሚነሣበት ቦታ «ዶክተር ዳውን የገለጸው» የሚል ሐረግ ቢጨመር ጥርጣሬው ይወገዳል። የእኛው «የ» ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሐኪሙ ሕመሙን አልያዘውም፣ ንብረቱም አይደለም በማለት የአገናዛቢውን ምልክት ወደ መተው አዘንብለዋል። አማርኛችን ግን ያለ «የ» ሁለት ስሞችን ማያያዝ ይከብደዋል። «የዳውን ሲንድሮም» ማለት ለጆሯችን ይስማማል፤ «የ»ም ባለቤትነትን ብቻ ስለማያመለክት በዚህ ረገድ እንግሊዝኛውን መከተል አያስፈልገንም።

«ሲንድሮም» ራሱስ? የግሪክኛው ትርጉም «አብሮ መሮጥ» ነው፤ አንድ ላይ የሚታዩ ምልክቶችን ያመለክታል። በአማርኛ ይህን ቃል ሁላችንም ሳናውቀው ስንናገረው ኖረናል፤ «ኤድስ» በሚለው መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» እርሷ ናት። ለአቻ ቃልነት «ኅብረ ምልክት» ሊቀርብ ይችላል። አሠራሩ ሕግን የተከተለ ነው፤ «ኅብረ ሕዋስ» በትምህርት መጻሕፍት ገብቶ ለምዷልና። ቅር የሚለን ኅብር የሚለው ቃል ከዜማና ከቅኔ ጋር የሚያስተሳስረው ውበት ነው። ለሊቃውንት ጽሑፍ ይሆናል፤ ለእናት ግን «አብረው የሚታዩ ምልክቶች» ቢባል ይበቃል።

ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪው ሲንድሮምን ከጎረቤቶቹ መለየት ነው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ዩርገን ሽፕራንገርና ሌሎች ሊቃውንት አብረው የሚወለዱ ጉድለቶችን በአራት ከፍለው ለእያንዳንዱ ብያኔ ሰጡ። ልዩነቱን ለማስረዳት ከሸክላ ሠሪ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። እንስራው ከመነሻው ሲበጅ ጆሮው ሳይወጣለት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በደንብ ሲበጅ ቆይቶ አንድ ነገር ገጭቶት ሊጎድል ይችላል። ያለ እንከን ተበጅቶ እርጥብ ሳለ ከጠባብ ቦታ ተቀምጦ ሊጣመም ይችላል። ወይም ጭቃው ራሱ በደንብ አልቦካ ይሆናል። በጽንስም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያውን «የመነሻ ጉድለት» ብንለው፣ ሁለተኛው «በመካከል የደረሰ ጉዳት» ይሆናል፤ ጽንሱን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ተቀድዶ ክሩ ጣትን አንቆ ሲቆርጥ የሚታየው ይህ ነው። ሦስተኛው «በግፊት መጣመም» ነው፤ ቆልማማ እግር ከሚባለው አንዳንዱ ከዚህ ይመደባል፣ በብዙው ጊዜም ይቃናል። አራተኛው የኅብረ ሕዋሱ አደራጀት መዛባት ነው። ለሦስተኛው «ጥመት» የሚለውን አጭር ቃል አስበን ትተነዋል፤ ቃሉ ለምግባር ጠማማነት ስለሚነገር ነው። አማርኛችን ዛሬ አራቱንም «የአፈጣጠር ችግር» ይላቸዋል። ከአራቱ ሁለቱ ግን በትክክል በመፈጠር ላይ የነበረ፣ ወይም ተፈጥሮ ያበቃ አካል ላይ የደረሱ ናቸው።

በዚሁ ዘመን «ሰንሰለት» ልንለው የምንችለው አሳብም ከሲንድሮም ተለየ። ፈረንሳዊው ፒየር ሮበን በ1923 (እ.ኤ.አ.) በጻፈለት ሕመም የሕፃኑ የታች መንጋጋ ትንሽ ነው፤ መንጋጋው ስላነሰ ምላሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ምላሱ ስለ ዘጋው ላንቃው ሳይገጥም ይቀራል፣ መተንፈስም ያውከዋል። ሦስቱ ምልክቶች አንዱ ሌላውን እየጎተተ የመጡ እንጂ ከአንድ ሥር ጎን ለጎን የበቀሉ አይደሉም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ሲንድሮም ሲባል የኖረው ዛሬ በሰንሰለትነት ይጠራል። የቀድሞ መጻሕፍትን የሚተረጉም ሰው ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

በአገራችን እነዚህን ሕመሞች የመቁጠሩ ሥራ ገና ወጣት ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በአማራ ክልል በሚገኙ 13 ሆስፒታሎች ከ2010 እስከ 2014 የተመዘገቡ 319,776 የሕፃናትና የልጆች ካርዶችን መርምሮ በ6,076 ላይ አብሮ የተወለደ ጉድለት አግኝቷል። በብዛት ግንባር ቀደም የሆኑት የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ ቀጥሎም የኅብለ ሰረሰርና የአንጎል ቱቦ አለመዘጋት ናቸው። የላንቃና የከንፈር መሰንጠቅ በዓይን የሚታይ በመሆኑ ግልጽ የአማርኛ ስም አለው፤ ሐኪም ሳይሆኑም ይጠሩታል። ብዙ ምልክቶችን አጣምረው የሚመጡት ሲንድሮሞች ግን ለመለየት የክሮሞሶም ምርመራ ይሻሉ፤ ካርዱ ላይ ስማቸው ሳይሰፍር፣ ከምልክቶቻቸው አንዱ ብቻ ተጽፎ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ወደ ተነሣንበት ከተማ እንመለስ። ሐዋሳ ራሷ ስሟ የተስተካከለላት ከተማ ናት፤ ለብዙ ዓመታት «አዋሳ» ተብላ ስትጻፍ ቆይታ የሲዳምኛውን ድምፅ የተከተለው «ሐዋሳ» ጸንቷል። በ1998 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከከተማው ሌላ ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች የሚላኩ እናቶችን ይቀበላል። በአዲስ ከተማም በአንድ የክትባት ወረፋ ላይ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማሉ። መግለጫችን በመጨረሻ ሲታረም «ኮንጄኒታል» ለሚለው በሁሉም ቦታ «አብሮ የተወለደ» ገባ፤ «በዘር የመጣ» የሚለው መወረሱ በተረጋገጠበት ስፍራ ብቻ ቀረ፤ በእርግዝና ጊዜ ለደረሰው ደግሞ «በጽንስ ጊዜ የደረሰ» ተባለ። «የተፈጥሮ» የሚለው ከገጹ ወጣ።

የሲዳምኛውን ትርጉም የሚያዘጋጁት ባለ ቋንቋዎቹ ናቸው፤ የእኛን አማርኛ ሳይሆን እንግሊዝኛውን እንዲነሡበት ለምነናቸዋል፤ የእኛን ስሕተት እንዳይወርሱት። እነርሱ አንድ ነገር ይቀልላቸዋል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የዳውን ስም በታላቅ ፊደል ይጀምራል፣ «ታች» ተብሎም አይነበብም። ሁለቱን ቋንቋዎች የምታነበው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስትሻገር ያ ምልክት ይጠፋባታል። ስለዚህ በአማርኛው ገጽ «ዶክተር ዳውን የገለጸው» የሚለው ሐረግ በመጀመሪያው መስመር ብቻ እንዲቀር የወሰንነውን ትተን፣ ስሙ በተነሣበት ቦታ ሁሉ እንዲደገም አድርገናል።